«2 አዋቂ፣ 2 ልጅ»፦ የቤይሩት ባሕር ዳር ሆቴል ሲመረጥ ማን ይቆጠራል?

የቅንጦት ሆቴል ስለመምረጥ የቤት ሠራተኛ ምን አገባት የምትል እህት ካለች ትንሽ ትታገሠኝ። ሰኔና ሐምሌ ሙቀቱ ሲበረታ ከእኛ ውስጥ ብዙዎቻችን የልጆቹን የዋና ልብስ፣ የፀሐይ ክሬሙን፣ ዳይፐሩን ሻንጣ ውስጥ ጠቅጥቀን አምስት ኮከብ ሆቴል እንገባለን። ሆቴሉን የሚመርጡት ማዳምና ሚስተር ናቸው። ምርጫው ግን የእኛን እንቅልፍ፣ የእኛን ቁርስ፣ አንዳንዴም የእኛን የዓመት ፈቃድ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ያገባናል።

እኔ እስካሁን በሁለት ቤት ሠርቻለሁ፣ ከሁለቱም ጋር ሆቴል አድሬያለሁ። የአሁኗ ማዳሜ ደግሞ ሆቴል ስትፈልግ ስልኳን ሰጥታኝ «ዓይንሽ ጥሩ ነው፣ ልጆቹ የሚጫወቱበት ካለ እዪልኝ» ስለምትለኝ የሆቴል ማስታወቂያ በብዛት አንብቤያለሁ። እንግሊዝኛዬ የአሥረኛ ክፍል ነው። የሆቴል እንግሊዝኛ ግን ከባድ አይደለም፤ ያው አሥር አሥራ አምስት ቃል ነው የሚደጋገመው። አንብቤ የታዘብኩትን ነው የምጽፈው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፣ እዚህ የምንኖረው በዚያ ስለሆነ።

መጀመሪያ ፎቶዎቹ። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ነጭ አንሶላ የተወጠረበት አልጋ፣ ማንም ያልተኛበት። ባርኔጣ ያደረገች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ባሕሩን ስታይ። ባሕሩ እኛ ከኮርኒሹ ላይ ከምናየው ይልቅ የሰማያዊ ሰማያዊ ነው። ልጆቹን እዩአቸው፦ በራሳቸው ይዋኛሉ፣ በራሳቸው ይደርቃሉ፣ አይስክሬም ልብሳቸው ላይ አይፈስስም። አንድም ፎቶ ላይ ፎጣ ይዞ የቆመ ሰው የለም። ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል። ለማዳሜ ፎቶዎቹን ሳሳያት «ጸጥ ያለ ነው አይደል?» አለችኝ። ጸጥታው ከየት እንደሚመጣ እኔ አውቃለሁ፤ አንዷ ልጆቹን ይዛ ወጥታላቸው ነው።

ከፎቶው ቀጥሎ «ለመላው ቤተሰብ ምቹ» የሚል ይመጣል። ከዚያ ቅጹ ይጠይቃል፦ አዋቂ ስንት? ልጅ ስንት? ማዳሜ የቀድሞዋ «2 አዋቂ፣ 2 ልጅ» ብላ ሞላች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። 22 ዓመቴ ነው፣ ልጅ አይደለሁም። አዋቂም አልሆንኩም።

ይህን የምጽፈው እሷን ለማሳጣት አይደለም፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። ሦስተኛ አዋቂ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ግን ማወቅ አለብን። ዋጋው ይጨምራል፣ ወይም «ይህ ክፍል ለሦስት አዋቂ አይሆንም» ብሎ ወደ ትልቁ ክፍል ይመራል። ተጨማሪ አልጋ ለብቻው ይከፈልበታል። ቁርስ የሚታሰበው በራስ ነው። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ ሠራተኛዋን ከቁጥር ያወጣና ከሻንጣው ጋር ያስገባታል። እዚያ ሆቴል፣ ስሙን አልጽፍም፣ ሦስት ሌሊት ያደርኩት በልጆቹ አልጋዎች መሀል ምንጣፍ ላይ፣ የሶፋውን ትራስ አንጥፌ ነው። የቁርስ ካርዱ ለአራት ሰው ስለነበር ማዳም ክሩዋሳን በሶፍት ጠቅልላ ታመጣልኝ ነበር። ጠዋት ክፍሉን ልታጸዳ የመጣች ሴት ትራሱን መሬት ላይ አይታ ምንም አላለችም፤ በማግስቱ አንድ ፎጣ ጨምራ አስቀመጠች። በዚያ ሆቴል ውስጥ አምስተኛ ሰው መኖሩን የመዘገበች እሷ ብቻ ነች።

እኔ እንደ አንባቢ የምነቅፈው ቅጹን ነው። ክፍል የሚያዝባቸው ገጾች «የቤት እንስሳ ይፈቀዳል ወይ» የሚል ቦታ አላቸው። ውሻ ይዞ ለሚመጣ ሰው መልስ ተዘጋጅቷል። ሠራተኛ ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ፣ በተለይ ግማሹ እንግዳ እንዲህ በሚመጣበት አገር፣ የሷ አልጋ የት ነው የሚል ጥያቄ የለም። አንዳንድ ትልልቅ ሆቴሎች በውስጥ በር የሚገናኙ ሁለት ክፍሎች አሏቸው፤ ለእኛ የሚሻለው ያ ነው፣ በሩ ይዘጋል። ማዳማችሁ ሐሳብ የምትጠይቅ ዓይነት ከሆነች «ልጆቹ ከእኔ ጋር ለብቻ ቢተኙ እናንተም ታርፋላችሁ» በሏት። እውነትም ነው፣ ለሷም ይጠቅማታል። እኔ ብዬ ሠርቷል።

ስለ ኮከብ ብዙ አልልም። ኮከብ የሚቆጠረው በዕቃና በአገልግሎት ነው፦ ክፍሉ ስንት ካሬ ነው፣ ሊፍት አለ ወይ፣ ገንዳ አለ ወይ፣ ሌሊት ሪሴፕሽን ሰው አለ ወይ። ዱባይ ያሉ እህቶቻችን በ1999 ስለተከፈተው ቡርጅ አል-አረብ «ሰባት ኮከብ» ሲባል ይሰማሉ፤ እሱ የወሬ ስም ነው፣ በመንግሥት ደረጃ ከአምስት የሚበልጥ ኮከብ የለም። አምስትም ይሁን ሰባት፣ ምንጣፍ ላይ የተኛች ሴት ኮከብ አታስቀንስም።

ባሕሩ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ቃላቱ እዚያ ላይ ነው የሚያታልሉት። «የባሕር እይታ» ማለት ባሕሩ በመስኮት ይታያል ማለት ብቻ ነው፤ መሀል ላይ መኪና የሚበርበት አስፋልት ሊኖር ይችላል። ለማዳም ልዩነት የለውም፣ በረንዳ ላይ ቡናዋን ይዛ ታየዋለች። ሁለት ልጅ፣ ጋሪና የአሸዋ ባልዲ ይዛ መንገዱን በቀን አራት ጊዜ ለምታቋርጠው ግን ትልቅ ልዩነት ነው። «የግል ዳርቻ» ማለት ደግሞ አጥርና ዘበኛ አለ ማለት ነው። «ቢች» የሚለውም ቃል ቤይሩት ውስጥ መጠርጠር አለበት። ከተማዋ ድንጋያማ ናት። ከኤይን ምሬሴ እስከ ሩሼ በእግራችሁ ሄዳችሁ አይታችሁታል፣ ከኮርኒሹ በታች ቋጥኝ ነው። ብዙ ቦታ ቢች የሚባለው ሲሚንቶ ላይ የተደረደረ የፀሐይ አልጋና የገንዳ ውኃ ነው፤ ወደ ባሕሩ በብረት መሰላል ይወረዳል።

ሁሉም የሚጠራውን ፊኒሲያን እንውሰድ። በ1961 ነው የተከፈተው፣ የነደፈው አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዱሬል ስቶን ነው። ያኔ ከገንዳው ሥር ቡና ቤት ነበረው፤ ጠጪዎቹ በመስታወት የሚዋኙትን ሰዎች ከታች ያያሉ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር በዚያ ሰፈር ሆቴል ለሆቴል ውጊያ ሆነ፣ ተቃጠለ፤ የተከፈተው እንደገና በ2000 ነው። በ2020 የወደቡ ፍንዳታም ጎድቶታል፣ ያንን ቀን የማታስታውስ ከእኛ ውስጥ የለችም። ሕንፃው ያምራል፣ ታሪክም አለው። ባሕሩ ግን ከመንገዱ ማዶ ነው። ከጀርባው በ1974 ተከፍቶ ብዙም ሳይሠራ ጦርነቱ የበሳው ሆሊዴይ ኢን ባዶ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። እኔ ባየኋቸው የማስታወቂያ ፎቶዎች ውስጥ ያ ሕንፃ የለም፣ ካሜራው ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ነው የሚዞረው። ሰርቪስ ውስጥ ተቀምጠን ስናልፍ የምናየው ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ነው።

ማዶ ያለው ሴንት ጆርጅ ነው። በ1930ዎቹ የተሠራ፣ ውኃው ላይ የተቀመጠ፣ የቤይሩት የመጀመሪያው ታላቅ ሆቴል ይሉታል። በዚያው ጦርነት ወደመ። በ2005 ራፊቅ ሐሪሪ የተገደሉበት ፍንዳታ የደረሰው እዚያው ደጃፉ ላይ ነው። ባለቤቱ ከሶሊዴር ኩባንያ ጋር ስለተጣላ «ሶሊዴር ይቁም» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሕንፃው ላይ ለብዙ ዓመት ተሰቅሎ ነበር። ገንዳውና የመዝናኛው ክፍል ሲሠራ ቆይቷል፣ ሆቴሉ ግን እንደ ሆቴል አልተመለሰም። ያ ጨርቅ ከሆቴል ማስታወቂያ ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ቢያንስ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ በግልጽ ይናገራል።

ሕንፃውን ከነደፉት አንዱ አንትዋን ታቤት ነበሩ። ልጃቸው ጃድ ታቤት ደግሞ የመሐንዲሶችና የአርክቴክቶች ማኅበር መሪ ሆነው በ2017 ስለ ሌላ የባሕር ዳር ሆቴል፣ ስለ ኤደን ቤይ፣ የግንባታ ጥሰት አለበት የሚል ሪፖርት አወጡ። ኤደን ቤይ የተሠራው ራምለት አል-በይዳ ላይ ነው። ስሙ «ነጭ አሸዋ» ማለት ነው፤ ቤይሩት ውስጥ በነፃ የሚገባበት የቀረ አሸዋ እሱ ነው። ሰዎች ሰልፍ ወጡ፣ ክስ መሠረቱ፤ ሆቴሉ በ2018 ተከፈተ። በ1925 የወጣው ቁጥር 144 ውሳኔ የባሕሩ ዳርቻ፣ በክረምት ማዕበሉ እስከሚደርስበት ድረስ፣ የሕዝብ ነው ይላል። ስለዚህ ማዳማችሁ «በቀጥታ አሸዋ ላይ ያለ ሆቴል» ካለች ቤይሩት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ እወቁት፦ እሑድ እሑድ ጫማችንን አውልቀን የምንቀመጥበት አሸዋ ነው የሚባለው። በ2024 መኸር ቦምቡ ሲበዛ ቤታቸውን የተዉ ሰዎች ያደሩትም እዚያው አሸዋ ላይ ነው።

አሁን ወደ ገንዳው። አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ከላይ ያልኩት አይደለም፣ የገንዳው ጠባቂ «ናኒ እዚህ» ብሎ የፕላስቲክ ወንበር አሳየኝ። ልብሴን እንደለበስኩ እንድቀመጥ ነው። ልጁ አራት ዓመቱ ነበር። ልጁን ጠብቂ ይሉኛል፣ ውኃው ውስጥ አትግቢ ይሉኛል። ወደ ጥልቁ ጎን ሲሄድ በጩኸት ነበር የምጠብቀው፣ ስሙን እየጠራሁ ዳር ዳሩን እየሮጥኩ። ማዳም ተኝታለች። ያ ልጅ ደኅና ወጣ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አስቡት፤ የሆቴሉ ደንብ እኔን ብቻ አይደለም የናቀው፣ የራሳቸውን እንግዳ ልጅ ነው አደጋ ላይ የጣለው። «ለቤተሰብ ምቹ» የሚለው ቃል እዚህ ጋ ነው የሚፈተነው።

ይህ የአንድ ሆቴል ጠባይ አይደለም። ሂውማን ራይትስ ዎች ከዓመታት በፊት የጠየቃቸው የግል የባሕር ዳርቻዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቤት ሠራተኞችን በሆነ መንገድ ይከለክሉ ነበር። በ2012 የቱሪዝም ሚኒስቴር በዘርና በዜግነት ልዩነት ሳታደርጉ አስገቡ የሚል መመሪያ ለእነዚህ ቦታዎች ሁሉ አወጣ። መመሪያው ወጣ፤ በር ላይ ያለው ሰው ግን መመሪያ አያነብም። አሁን «አይቻልም» ማለት ትተው «ዛሬ ሞልቷል»፣ «ለአባላት ብቻ ነው» ይላሉ፤ ከኋላችን የመጣችው ነጭ ሴት ትገባለች። ስለዚህ 2012 የሚለውን ቁጥር ያዙት። በዓረብኛ «ተእሚም» ይባላል መመሪያው። ሁልጊዜ በር አይከፍትም፣ ግን ጠባቂው ሥራ አስኪያጁን እንዲጠራ ያደርገዋል፣ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ጩኸት አይወድም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ከሆቴል ከተመለስን በኋላ የሚመጣው ነው። «ሆቴል ወስጄሽ የለ? ሦስት ቀን አርፈሻል።» ስንቶቻችን ሰምተነዋል ይቺን? የ1946ቱ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን በአንቀጽ 7 ከነጭራሹ አውጥቷታል። ያለን ወረቀት በ2009 የወጣው ኮንትራት ነው፤ በ2020 የተሻለ ተዘጋጅቶ ነበር፣ የመክተቦቹ ባለቤቶች ከሰሱና ሹራ ምክር ቤት አገደው። በ2009ኙ ላይ በሳምንት 24 ሰዓት የማያቋርጥ ዕረፍትና በዓመት 6 ቀን ፈቃድ አለ። ስድስት ቀን ብቻ እኮ ነው! ከሱ ላይ ሦስቱን «ሆቴል ሄደሻል» ተብሎ ሲወሰድ ግማሹ ሄደ። ሆቴል ውስጥ ማን አረፈ? እኔ ሦስት ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ልጅ ይዤ ወጥቼ ማታ ሦስት ሰዓት ነው ልጅ አስተኝቼ የተቀመጥኩት። ቤት ብሆን ምሳ እሠራለሁ፣ እዚያ አልሠራሁም፤ ልዩነቱ ይሄ ነው። ማስታወቂያው «ዕረፍት» ሲል የማንን እንደሆነ ስለማይናገር ቃሉ ወደ እኛም ይዞር መስሏቸው ይሆናል። አይዞርም። የሄዳችሁበትን ቀን፣ የተነሣችሁበትንና የተኛችሁበትን ሰዓት ስልካችሁ ላይ ጻፉ። እኔ ጽፌ አሳይቻታለሁ፤ የአሁኗ ማዳሜ አንብባ ዝም አለች፣ ከዚያ ወዲህ የሆቴል ቀን ከፈቃዴ አልቀነሰችም።

አሁን ደግሞ እኛ ራሳችን መራጮች ብንሆንስ? በዚህ በጋ አንድ ቀን ባሕር ዳር ሆቴል ገብተን ገንዳ ውስጥ እንዋል የሚል ሐሳብ ማኅበራችን ውስጥ ከተነሣ ወዲህ ክርክር አለ። አንዷ ታላቃችን «ራምለት አል-በይዳ በነፃ እያለ ለሲሚንቶ ብር ማፍሰስ ምን ይሉታል» አለች። አባባሏ ልክ ነው፣ አክብሬያት ግን አልስማማም። አሸዋው የኛም ነው፣ እንሄድበታለን። ውኃው ግን የፍሳሽ ቧንቧ የሚለቀቅበት ነው፤ የአገሩ የሳይንስ ምርምር ምክር ቤት በየዓመቱ ሲመረምር ለመዋኛ አይሆንም ካላቸው ውስጥ በተደጋጋሚ አለ። መቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ መዋኘት ሌላ። ደግሞ ሁልጊዜ በነፃው በኩል ብቻ ግቡ ከተባልን ያም ሌላ በር መዘጋቱ ነው።

ማደር አንችልም፣ ይህን ልንተወው ይገባል። ሆቴል ለማደር ፓስፖርት ወይም ኢቃማ ይጠየቃል፤ የግማሻችን ፓስፖርት የት እንዳለ ይታወቃል፣ ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የቀን መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ የምንመርጠው አልጋ ሳይሆን ገንዳ፣ ጥላና መጸዳጃ ነው። ምግብ ከውጭ ማስገባት ይከለክላሉ፣ ሦስት ሰው ለአንድ ሳንድዊች ከመካፈል ጠዋት በልቶ መሄድ ይሻላል። ከዶራ በአንድ ሰርቪስ የሚደረስበትም ይሁን።

እኔ ስልክ የመደወሉን ሥራ ወስጄ ሁለት ቦታ ደወልኩ። ሁለቱም መጀመሪያ ስንት ሰው ናችሁ ነው ያሉት። «12 አዋቂ፣ ልጅ የለም» አልኩ። ዜግነት አልጠየቁኝም። እኔ ግን ነገርኳቸው፤ ኢትዮጵያውያን ነን፣ የቤት ሠራተኞች ነን፣ ገንዳው ውስጥ እንገባለን ብዬ። ከፍለን በር ላይ ከመዋረድ በስልክ ቢያልቅ ይሻላል። አንደኛዋ «ቆዪ ልጠይቅ» ብላ ሙዚቃ ለቀቀችብኝ፣ እስካሁን አልተመለሰችም። ሁለተኛው ቦታ ያለው ልጅ «ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው፣ ገንዳ ውስጥ የዋና ልብስ ብቻ ነው የምንጠይቀው» አለኝ። በዋትስአፕ ጻፍልኝ አልኩት፣ ጻፈልኝ፤ ስልኬ ላይ አለ፣ ማየት የምትፈልግ ታያለች። ዋጋው በሥራ ቀን ይረክሳል፣ ሰኞ ብትመጡ ይሻላችኋል ብሎ መከረኝ። ሰኞ ማናችን ነን የምንወጣው አልኩና ለእሑድ ያዝኩ።